አስራ አንድ ጎል

የግራር እንጨት ሲጨስ የሚወጣውን ሽታ የእኛ ሰዎች ሁሉ ይወዱታል። እኔን ግን ያቅለሸልሸኛል። ሰርግ ቤት ስጠራ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ይሸተኛል፤ አፌ ምራቅ ይሞላል፤ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። «ምን ሆንሽ ነጁዋ?» ሲሉኝ «ደረጃው አድክሞኝ ነው» እላለሁ። በሃያ ሰባት ዓመቴ ደረጃ አደከመኝ እያልሁ ስንት ሰርግ አለፈ።

ተይሲር የእናቴ እህት የዓለዊያ ልጅ ናት፤ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ያደግነው ካይሮ፣ ከፈይሰል መንገድ ወደ ውስጥ በሚገባ ቅያስ፣ አንድ ሕንጻ ላይ ነው። እነሱ አራተኛ ፎቅ፣ እኛ ሁለተኛ። አባቷ አትባራ ላይ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበሩ። እሷ ሦስት ዓመት ሲሞላት «ለስድስት ወር ነው» ብለው ከሱዳን ይዘዋቸው ወጡ፤ እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አገር ቤት ያሉት ዘመዶቻችን ሰርጉን በአንድ ቀን መጨረስ ጀመሩ፤ ሴቶቹም ሥራ ስለሚበዛባቸው ሙሽራ ለወር መዝጋቱን ተዉት። እኛ ካይሮ ያለነው ግን አንዱንም አልተውንም።

«ካርቱም ያሉት ተበላሽተዋል» ይላሉ የተይሲር አባት እህት ሐጃ ሲታና። «ደግነቱ እኛ እዚህ አለን።»

ሙሽራ የሚያጨሱት ሐጃ ሲታና ናቸው። ገላ የሚታሽበትን የማሽላ ሊጥ በሰንደልና በሽቶ የሚያቦኩት፣ ከበሮ የሚመቱት፣ የሙሽራ ጭፈራ የሚያስተምሩትም እሳቸው ናቸው። በእኛ ሰርግ ሙሽራዋ በሴቶቹ ፊት ስትጨፍር ሙሽራው አጠገቧ ይቆማል። ከበሮው እየተመታ ሳለ በድንገት ትወድቃለች። መሬት ሳትነካ መያዝ የሱ ሥራ ነው። ካመለጠችው ሴቶቹ «ጎል!» ብለው ይጮሃሉ፤ እልልታው ለሙሽራዋ ወገን ነው፤ ኀፍረቱ የሱ። ሐጃ ሲታና በሰርጋቸው ቀን በባላቸው ላይ ሰባት ጎል አግብተዋል። ባልየው ከሞቱ አስራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሰባቱ ጎል ግን ዛሬም በየሰርጉ ይወራል።

ተይሲር አስራ ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ እናቷ የተሰጣ ልብስ ልታወርድ ጣሪያ ወጣች። ከውሃ ጋኖቹ ጀርባ ተይሲር የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ልጃገረድ ትከሻ ላይ ራሷን ጥላ ተቀምጣለች። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ሌላ ምንም አልነበረም። ነገር ግን አክስቴ ዓለዊያ የልጇን ፊት አየች፤ ከእጇ ይልቅ ፊቷ ተናገረባት። አክስቴ ያልደረቀውን ልብስ አቅፋ ወረደች።

በዚያው ሳምንት ሐጃ ሲታና ተጠሩ።

«ብርድ ነው» አሉ። «እዚህ አገር ሴራሚክ ላይ እየተኙ ብርድ ገባቸው። ብርድ የገባው ሰው የማይሆን ነገር ያምረዋል። ጭስ ያወጣዋል።»

በእኛ ወግ ወይባ ጭስ የሚሞቁት ሙሽሮችና ያገቡ ሴቶች ብቻ ናቸው። ሐጃ ሲታና ራሳቸው በዚህ ስንቷን ሴት «ባለጌ አሳዳጊ» ብለው ሰድበዋል። አሁን ግን በር ተቆልፎ ወጉ ተሻረ። በረንዳው ላይ ፍም የያዘ የሸክላ ማሰሮ ተቀመጠ፤ በላዩ መቀመጫው የተቀደደ ወንበር፤ በወንበሩ ላይ ተይሲር፣ ከአንገቷ እስከ እግሯ በሱፍ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ። ወሩ ሐምሌ ነበር። እኔ አስራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ውሃ አቀባይ ተደርጌያለሁ።

የሕንጻው ዘበኛ ከታች ጮኸ። «ሐጃ! ቤቱ እየተቃጠለ ነው እንዴ?»

«ዓሣ እየጠበስን ነው!»

«ዓሣ እንዲህ አይሸትም!»

«የሱዳን ዓሣ ነው! ሂድ ወደ ሥራህ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ተይሲር ዓይኗ ደም መስሎ፣ ላቧ ከአገጯ እየተንጠባጠበ፣ ወደ እኔ አየች።

ሦስት ቀን እንዲህ አደረጓት። በሦስተኛው ቀን ሐጃ ሲታና ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው አንገቷን አሸተቱ። ሥጋ ተበላሽቶ እንደሆነ የሚያሸት ሰው እንዴት ነው የሚያደርገው? ልክ እንደዚያ፤ አፍንጫቸውን ሰብሰብ፣ ዓይናቸውን ጨፈን። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረው «ወጥቷል» አሉ። አክስቴ ዓለዊያ አልቅሳ እጃቸውን ሳመች።

ማታውን ላያት ገባሁ። ቆዳዋ ብስል ሎሚ መስሏል፤ ክንዷ ላይ ተልጧል።

«ነጁዋ፣ ምንም አልወጣም'ኮ» አለችኝ። ሳቀች። ከዚያ ሳህን እስካቀብላት እንኳ ሳትጠብቅ አስታወከች።

ከዚያ በኋላ አስር ዓመት ማንም ስለዚያ ነገር አልተናገረም። ስም አልነበረውም፤ «ያ» ይሉታል። ተይሲር ትምህርቷን ጨረሰች፤ ዶቂ ሰፈር ካለ የጥርስ ክሊኒክ ተቀጠረች። ጥርሳቸው የሚነቀል ሕፃናትን ጉንጭ ይዛ የምታዘናጋቸው እሷ ነበረች፤ «አፍህ ውስጥ ጉንዳን ቤት ሠርቶ የለ! ቆይ እንቁጠራቸው» ትላቸዋለች። ውጭ ስትሆን እንደ ግብጾቹ ነበር የምትናገረው፤ ባለ ታክሲው እንዳያንጓጥጣት። የሕንጻችንን ደረጃ ስትጀምር ደግሞ የእናቷን አነጋገር ትይዛለች። ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ጫማ ነበር የምትቀያይራቸው፤ በራችን ላይ ስትደርስ የቱን እንዳደረገች እሰማ ነበር።

ሚርቫት በዚያው ክሊኒክ የራጅ ሠራተኛ ናት፤ የመንሱራ ከተማ ልጅ፣ ረጅም ጉንጉን ያላት፣ ሳቋ ከሁለት ክፍል ወዲያ የሚሰማ። አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ፣ ያለምንም መግቢያ፣ ተይሲር እንዲህ አለችኝ።

«ሚርቫትን እወዳታለሁ። ሌሎች ሴቶች ወንድ እንደሚወዱት። ይኸው ነው።»

«እሺ» አልኋት። ወደ መስኮቱ ዞርሁ። አንድ ደግ ቃል ብፈልግ አጣሁ። ያጠናሁት ግጥም ነው፤ ቃል ሞልቶኝ ነበር። እሺ ብቻ አልሁ።

በሚቀጥለው ክረምት የአጎቷ ልጅ ሙዘሚል ከሳውዲ ዓረቢያ፣ ከደማም ሊያገባት እንደሚመጣ ተነገራት። ሙዘሚል የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፤ ወፈር ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው። ክፉ አልነበረም። ተይሲር ለአባቷ ሁለት ጊዜ «አልፈልግም» አለቻቸው። «የወንድሜ ልጅ ነው፤ ይኼ ምን ጥያቄ አለው?» አሉ። ፓስፖርቷና የመኖሪያ ፈቃዷ በሳቸው መሳቢያ ተቆልፎበት ነበር፤ ያለሱ በዚያ ከተማ አንድ ፖሊስ ካስቆመሽ አለቀልሽ። በሦስተኛው ጊዜ ለእናቷ ነገረቻት። ባምያ እየቆረጥን ነበር፤ ሦስታችን።

«እማዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ምኑን?»

«ታውቂያለሽ።»

አክስቴ ቢላዋውን አላቆመችም። «እኔ የማውቀው ሰርጉ ሐምሌ መጨረሻ ሐሙስ መሆኑን ነው» አለች። «የባምያውን ራስ አትጣይው፣ ነጁዋ።»

ሙሽራዋ ተዘጋች። ሠላሳ ቀን ከክፍሏ አትወጣም፤ ፀሐይ አይነካት፤ ስልክ አይኖራትም። ስልኳን የተቀበልኋት እኔ ነኝ። ዘመድ ሁሉ ሥራ ስላለው፣ እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ቤት ስለተቀመጥሁ፣ አብሬያት እንድዘጋና እንድጠብቃት ተደረግሁ። «አንቺ ዝምተኛ ነሽ፤ ለጠባቂነት ጥሩ ነሽ» አሉኝ ሐጃ ሲታና። ምስጋና መሆኑ ነው።

ያ ወር እንዴት እንደነበር መጻፍ ይቀፈኛል። ጠዋት ጭስ። ከሰዓት ሊጡ። ሐጃ ሲታና ጭኗንም ጀርባዋንም ሲያሹ ሊጡ ከላቧና ከሚላጠው ቆዳዋ ጋር እየተጠቀለለ እንደ ግራጫ ትል ወለሉ ላይ ይወድቃል፤ እኔ እጠርገዋለሁ። የአክስት ልጆች፣ የጎረቤት ሴቶች፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ይመጣሉ፤ ከመቀመጣቸው በፊት ክንዷን ይቆነጥጣሉ፣ ብብቷን ያሸታሉ።

«ማሻአላህ! ወርቅ ሆነች!»

«ወርቅ ምን አላት፣ ገና ነች። እኔ ሳገባ መስታወት ነበርሁ።»

«አንቺማ መስታወት ነበርሽ፤ ባልሽ ራሱን አይቶብሽ ደንግጦ አይደል ወደ ሊቢያ የሄደው?»

ይስቃሉ። ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣሉ፤ በሻይ በረጠበ ጣታቸው መልሰው ይነኳታል። ተይሲር ግድግዳውን ታያለች። እነዚያ ጣቶች እኔ ላይ ያሉ ይመስለኝና ማታ ማታ ክንዴን በሳሙና እፈትጋለሁ።

በአስረኛው ቀን ጠየቀችኝ። «ነጁዋ፣ ለሚርቫት ደውይላት። እዚህ መሆኔን ብቻ ንገሪያት።»

«እሺ» አልሁ። አልደወልሁም። ስልኩ በእጄ ነበር። ፈራሁ፤ ምን እንደፈራሁ ዛሬም በቅጡ አላውቀውም።

ሚርቫት ግን ራሷ መጣች። አንድ ዓርብ፣ ዘይቱን የሞላ ከረጢት ይዛ። በሩን አክስቴ ዓለዊያ ከፈተችላት፤ ሳመቻት፤ ተይሲር ክፍል አስገባቻትና በመሃላቸው ተቀመጠች።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለች ሚርቫት። ድምፁ ከጉሮሮዋ እንጂ ከሷ የወጣ አይመስልም።

«ለሕፃናቱ ማን ጉንዳን እየቆጠረላቸው ነው?» አለች ተይሲር።

«እኔ። አያምኑኝም።»

«ብሉ፣ ብሉ» አለች አክስቴ፤ ዘይቱን ቆርጣ ለእያንዳንዳቸው ሰጠች። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ እጇን ሚርቫት ጉልበት ላይ አድርጋ፣ «ለሰርጉ ትመጫለሽ አይደል፣ የኔ ልጅ? እንደ እህቷ አይደለሽ እንዴ? እህት ከእህቷ ሰርግ ትቀራለች?»

አክስቴን እወዳታለሁ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያን ዕለት ግን ያ ፈገግታ ከጭሱ በላይ አንገሸገሸኝ። ሁሉን ታውቅ ነበር'ኮ።

ሚርቫት ከሄደች በኋላ ተይሲር ለመጀመሪያ ጊዜ የጭፈራ ትምህርቱን በትኩረት መከታተል ጀመረች። ሐጃ ሲታና ደስ አላቸው።

«ስትወድቂ ዓይኑን አትይ» አሉ። «ካየሽው ያውቅብሻል። ከበሮዬን ብቻ ስሚ። ወደሱ አትውደቂ፤ ወደሱ የምትወድቅ ሰነፍ ናት።»

«ብጎዳስ፣ አክስቴ?»

«የተጎዳች ሙሽራ አላየሁም። ያፈረ ወንድ ነው ያየሁት።»

«ስንቴ ነው መውደቅ የሚቻለው?»

«የፈለግሽውን ያህል። ማነው የሚከለክልሽ? መውደቅ ያንቺ፣ መያዝ የሱ። የናቶቻችን ሕግ ነው፤ በሙሽራ አይፈረድም።»

ተይሲር ይህን ሁለት ጊዜ ደግመው እንዲነግሯት አደረገች።

ኒካሑ፣ የጋብቻው ውል፣ ከጭፈራው በፊት ረቡዕ መታሰር ነበረበት። የሙዘሚል አባት አውሮፕላን ዘገየና ወደ ዓርብ ተዛወረ፤ አዳራሹ ግን ለሐሙስ ስለተያዘ ማዛወር አልተቻለም። አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከወንድ ጋር አሳንሰር ውስጥ እንዳንገባ ሲቆጣጠሩን የኖሩ ሰዎች፣ ሙሽራው ገና ባሏ ሳይሆን በሁለት መቶ ሴቶች ፊት ወገቧን እንዲይዝ ሲሆን፣ «የአጎት ልጅ አይደለ? ባዕድ ነው እንዴ?» ብለው በአንድ ቃል ጨረሱት። ሐራም የሚባለው ነገር ከአዳራሽ ጋር ሲጋጭ እንዲህ ይለሰልሳል።

ሐሙስ በአስር ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ሚርቫት በስተኋላ፣ ማራገቢያው ሥር ተቀመጠች። ተይሲር ቀይ ሐር ለብሳ፣ ፊቷ በወርቅ ተሸፍኖ ወጣች፤ ሙዘሚል በነጭ ጀለቢያ ቆመ። ሐጃ ሲታና ከበሮውን ጀመሩ።

የመጀመሪያውን ጊዜ ስትወድቅ ሙዘሚል ሴቶቹን እያየ ነበር።

«ጎል!» አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔም እልል አልሁ።

ሁለተኛ። ሦስተኛ። «ሙዘሚል፣ ጓንት አድርግ!» «በረኛ ቀይሩ!» ሳቅ ነው። አራተኛውን በጣቱ ጫፍ ነካት፤ አልያዛትም። በአምስተኛው እናቱ ሐጃ ዱርያ ከመቀመጫቸው «እጅህን ዘርጋ እንጂ፣ አንተ! ማቀዝቀዣ መሰለችህ?» ብለው ጮኹ። ሰባተኛው ሲገባ ሐጃ ሲታና ከበሮውን እንደታቀፉ ተነሡ፤ የሳቸው ሰባት ጎል ላይ ተደርሷል። ፊታቸው በኩራት በርቶ ነበር። «የወንድሜ ልጅ!» አሉ ወደ ተይሲር እያዩ።

ስምንተኛው ላይ ተይሲር ከሱ በተቃራኒ፣ በሙሉ ክብደቷ፣ በጉልበቷ ወደቀች። ድምፁን ሰማሁት። ምንጣፍ እንዲህ አይጮህም። ዘጠነኛው ላይ እልል ያለ አልነበረም። ሐሩ ጉልበቷ ላይ እየጠቆረ መጣ፤ ቀይ በቀይ ላይ ጥቁር ይመስላል።

ከአስረኛው በኋላ ላነሣት ሮጥሁ። ሙዘሚልም ጎንበስ ብሎ ነበርና የተነጋገሩትን የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ስንቴ ነው የምትወድቂው?»

«እስክትሄድ።»

ፊቷን አየ። ጉልበቷን አየ። ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ሐጃ ሲታና ከበሮውን አላቆሙም፤ የያዙትን ዜማ ሳይጨርሱ አያቆሙም፤ ሙሽራ ቢሞትም አያቆሙም። ተይሲር በአንድ እግሯ ቆመች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጣለች። ያኔ ሙዘሚል ሁለት እጁን ከጀርባው አድርጎ አጣመረ።

አስራ አንደኛው ይኼ ነው።

ሐጃ ዱርያ ምንጣፉ ላይ ወጡ። «ልጄን አዋረዳችሁት! ይቺ ሆን ብላ ነው!»

ሐጃ ሲታና ከበሮውን አቆሙ። «ሆን ብላ? ታዲያ ሙሽራ ተንሸራትታ ነው የምትወድቀው? መውደቅ የሷ፣ መያዝ የሱ! አልያዘም!»

«አስራ አንዴ የሚወደቅ የት አገር ነው?»

«አስራ አንዴ የማይያዝስ የት አገር ነው? እናንተ ደማም ተቀምጣችሁ ወጉ ጠፍቶባችኋል!»

«ልጄ እንዲህ ያለች አያገባም! አልታሰረም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ገና አልታሰረም!»

«እኛም እጅ የሌለው ሙሽራ አንፈልግም! ውሰጂው!»

በዚህ አበቃ። ተይሲርን ያዳናት ፍቅር አልነበረም፤ ርኅራኄም አልነበረም። አሮጊቷ ከወንድማቸው ልጅ ሕይወት ይልቅ የጭፈራቸው ሕግ እንዳይደፈር ሲሉ ነው ሰርጉን ያፈረሱት። እነሱ ሲጯጯሁ ወለሉ ላይ የተቀመጠችውን ያያት አልነበረም። ሚርቫት ከማራገቢያው ሥር ተነሥታ፣ ሁለት መቶ ሴት መሃል አቋርጣ፣ የአንገት ልብሷን ፈትታ ጉልበቷን አሰረችላት። አክስቴ ዓለዊያ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ዞረችና የሻይ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች።

የጉልበቷ ሎሚ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ተጠገነ፤ ግን በቅጡ አይታጠፍም። ዓይን በላት ተባለ። «ጉልበቷ የማይታጠፍ ሴት እንዴት ትሰግዳለች? እንዴትስ ትወልዳለች?» ተባለና ጠያቂ ቀረ። አራት ፎቅ መውጣት ስለማትችል አሳንሰር ያለው ቤት ያስፈልጋታል ተባለ፤ ሚርቫት የተከራየችው ቤት ደግሞ አሳንሰር አለው። ቤተሰቡ ሁሉ ስለዚያ አሳንሰር ሲያወራ ይውላል። አክስቴ በየዓርቡ ባምያ ይዛ ትሄዳለች፤ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር አትነሣም፤ ዓይኗን ወደ መኝታ ክፍሉ አታዞርም። «አሳንሰሩ ጥሩ ነው» ትላለች።

በየሰርጉ አስራ አንዱ ጎል ይወራል። ይሳቃል። አንዷ ተነሥታ የሙዘሚልን አቋቋም ታሳያለች። ደሙን ማንም አያነሣም። እኔም አላነሣም፤ ደረጃው አድክሞኛል እላለሁ። ከሁሉ የሚያስጠላኝ ይኼ ነው። ዝምታዬን ለተይሲር ነግሬያታለሁ፤ ያልደወልሁላትንም። «አውቃለሁ» አለችኝና ዘይቱን ቆርጣ ሰጠችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እነ ተይሲር ቤት ሳለሁ ሐጃ ሲታና ደወሉ። የልጅ ልጃቸው ልታገባ ነው። ተይሲር እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ፣ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፈተችው።

«ያን አወዳደቅሽን ለልጅቱ ታሳይልኛለሽ» አሉ። «እኔ አርጅቻለሁ።»

«ጉልበቴ አይታጠፍም፣ አክስቴ።»

«ቁጭ ብለሽ በአፍሽ ንገሪያት።»

ተይሲር ሚርቫትን አየች፤ እኔን አየች።

«በአፌማ ያኔም ነግሬያችሁ ነበር» አለች።



«አይሰማኝም፣ የኔ ልጅ» አሉ ሐጃ ሲታና። «መስመሩ ይቆራረጣል።»

መስመሩ አልተቆራረጠም። ከበስተጀርባቸው የሚፈላው ሻይ ድምፅ ሳይቀር ይሰማን ነበር።